ደም ከመታየቱ በፊት ያሉት ዓመታት

በመተማ ቆላ ሴት ጤና ጣቢያ የምትመጣው ሲብስባት ነው። ወባ ሲጥላት፣ ምጥ ሲይዛት፣ ልጇን ትኩሳት ሲያቃጥለው ትመጣለች። ደህና ሆና ሳለ፣ በእግሯ መጥታ «ምንም አላመመኝም፤ ግን እዩኝ» የምትል ሴት እምብዛም አትገኝም። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከማዋለዱና ከእርግዝና ክትትሉ ጎን ለጎን የማህጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እሠራለሁ። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ሥራ ነው። የማህጸን በር ካንሰር ከመነሻው ተነስቶ ሴትን አልጋ ላይ እስኪጥል ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ እንዲህ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ጥቂት ነው። እኛ ግን ያን ሁሉ ዓመት አሳልፈን በመጨረሻው ወር እንገናኛለን።

አንዲት እናት ልጥቀስ። ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም። በሰሊጥ እርሻ ላይ ለቀን ሠራተኛ እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከባላቸው ጋር ሲሆኑ ደም ማየት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። የወር አበባ መዛባት መስሏቸው ዝም አሉ። ቀጥሎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መጣ። አንድ ቦታ ሄደው ክኒን ተሰጣቸው፤ ሌላ ቦታ ሄደው ሌላ ክኒን ተሰጣቸው። የማህጸናቸውን በር በመሣሪያ ከፍቶ ያየላቸው አንድም ባለሙያ አልነበረም። «ልጄ፣ እንጀራ ስጋግር ሽታዬ ከሊጡ በለጠ። ሠራተኛው እንዳይጸየፈኝ ብዬ ምጣዱን ተውኩት» አሉኝ። ስመረምራቸው እጢው የማህጸኑን በር ውጦ ወደ ዳሌያቸው ግድግዳ ተሻግሯል። አንድ እግራቸው አብጧል፤ ሽንታቸው ቀንሷል። ቀዶ ሕክምና የሚያድንበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

ሪፈር ጻፍንላቸው። ልጃቸው ፍየሎቹን ሸጦ የመኪናና የመኝታ ገንዘብ አዘጋጀ። ወቅቱ የጎንደር መንገድ ሰላም ያጣበት ስለነበር ሳምንታት አለፉ። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ የገፋን ካንሰር የሚያክመው ጨረር ነው፤ ጨረር ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መሣሪያ መተከሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ለበረሃ ሴት ግን አሁንም ሩቅ ነው። እኒያ እናት ጎንደር ደርሰው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። በቤታቸው አረፉ።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደሚያዙና ከ5,000 በላይ እንደሚሞቱ ይገመታል። ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶቻችንን በብዛት የሚይዘው ካንሰር ይህ ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 350,000 ሴቶች ሞተውበታል፤ ከነዚህ ውስጥ 94 በመቶው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በበለጸጉት አገሮች ሴቶቹ ካንሰሩን ከሚያመጣው ቫይረስ አምልጠው አይደለም። ቫይረሱ እነሱንም ይይዛቸዋል፤ ልዩነቱ እዚያ ገና ካንሰር ሳይሆን ይታያል፣ ይታከማል።

ሴቶቹ ከምን እንደመጣ ይጠይቁኛል። «ብርድ መትቶኝ ነው?» «ሸክም በዝቶብኝ ነው?» «ድግምት ይሆን?» አይደለም፤ ቫይረስ ነው። ስሙ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤችፒቪ። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አንዳንዱ እጅና እግር ላይ የሚወጣውን ተራ ኪንታሮት ያመጣል። 6 እና 11 የተባሉት ዓይነቶች በብልት ላይ ኪንታሮት ያበቅላሉ እንጂ ካንሰር አያመጡም። አሥራ አራት የሚሆኑት ግን ካንሰር የማምጣት አቅም አላቸው፤ ከነሱም የከፉት 16 እና 18 የተባሉት ናቸው። በዓለም ላይ ካለው የማህጸን በር ካንሰር 70 በመቶው የሚመጣው በነዚህ በሁለቱ ነው። የማህጸን በር ካንሰር ያለ ኤችፒቪ መነሳቱ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1842 ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በቬሮና ከተማ የሞቱ ሴቶችን መዝገብ ሲያገላብጥ ይህ ካንሰር ባለትዳሮችን ሲገድል መነኮሳቱን ግን ብዙም እንደማይነካ አስተዋለ። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር የሚተላለፍ አንድ ነገር እንዳለ የዚያን ጊዜ ተጠረጠረ፤ ማንነቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተደብቆ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አብዛኛው ተመራማሪ የብልት ሄርፐስን ሲከስ፣ ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ጥፋተኛው የኪንታሮት ቫይረስ ነው ብሎ ጸና። በ1983 ዓይነት 16ን፣ በ1984 ዓይነት 18ን ከካንሰሩ ውስጥ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በማህጸን በር ካንሰር ከሞተችው ጥቁር አሜሪካዊት ከሄንሪየታ ላክስ ያለ ፈቃዷ ተወስደው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ዛሬም ድረስ የሚራቡት ሕዋሶች ውስጥ የተገኘው ይኸው ዓይነት 18 ነበር። የአንዲት ድሃ እናት በሽታ የሁላችንንም በሽታ ለማወቅ ረዳ።

ቫይረሱ የሚገባው የማህጸን በር ላይ ሁለት ዓይነት ሕዋሶች በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ ነው። በዓይን በማይታይ ጭረት ገብቶ ከታችኛው ሽፋን ላይ ይደበቃል። እዚህ ላይ ሴቶቹ እንዲይዙልኝ አጥብቄ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ከ10 ሴቶች ዘጠኙን የገዛ ሰውነታቸው በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከቫይረሱ ያጸዳቸዋል። ምንም ሳይሰማቸው ገብቶ ምንም ሳይሰማቸው ይወጣል። በጥቂቶቹ ግን ይከርማል። ሲከርም ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ያመርታል። ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይራባ የሚጠብቁ ፕሮቲኖች በሰውነታችን አሉ፤ እነዚህ ሁለቱ፣ ሌባ ዘበኛውን አስሮ ጎተራ እንደሚገባው፣ ጠባቂዎቹን አስረው ሕዋሱን ያለ ተቆጣጣሪ ያስቀሩታል። ሕዋሱ መልኩን መቀየር ይጀምራል። ያ የተቀየረ ቦታ ገና ካንሰር አይደለም፤ አያምም፣ አይደማም፣ አይሸትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ካልታከመ ካንሰር ይሆናል። ደምና ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁታል። «ባሌ ነው ያመጣብኝ?» ለዚህ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ እዚህ ላይ ሙሉውን ልጻፈው፤ ትዳር ሊያፈርስ የሚችል ጥያቄ ነውና። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። አንድ ሰው ብቻ ያወቀች ሴትም ትያዛለች። ዛሬ የታየው ምልክት ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የገባ ቫይረስ ውጤት ሊሆን ይችላል። ማን መቼ እንዳመጣው የሚናገር ምርመራ የለም። ስለዚህ ኤችፒቪ በማንም ላይ ምስክር ሆኖ መቅረብ አይችልም፤ በሚስትም ላይ በባልም ላይ። ኮንዶም የመተላለፉን ዕድል ይቀንሳል፤ ቫይረሱ ኮንዶም በማይሸፍነው ቆዳ ላይም ስለሚገኝ ሙሉ በሙሉ ግን አያግደውም። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሰማው ይዞት ይኖራል፤ ለወንድ የሚሠራ መደበኛ ምርመራም የለም።

መተማ የመንገድ አገር ነው። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪት አድርጎ የሚወርደው አስፋልት መተማ ዮሐንስ ላይ ድልድዩን ሲሻገር ገላባት ነው፣ ሱዳን። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይወርዳሉ። ሚስቶቻቸውን ደጋ ትተው ወራት በረሃ ይከርማሉ። ሾፌሩ ያድራል፣ ነጋዴው ያድራል፣ የቡና ቤቱ ሥራ በአጨዳ ሰሞን ይደምቃል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚሁ ድልድይ ገብተዋል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው እንጀራውን ፍለጋ ይሄዳል። ግን ሰው በሚንቀሳቀስበት ቦታ ቫይረስም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ኤች አይ ቪም ኤችፒቪም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ይከፋል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በማህጸን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ቫይረሱ ከሌለባት ሴት በስድስት እጥፍ ይበልጣል። ሰውነቷ ኤችፒቪን ለማጽዳት አቅም ያንሰዋል፤ ሕክምና ካልጀመረች 15 ወይም 20 ዓመት የሚፈጀው ጉዞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በኢትዮጵያ ምርመራው በስፋት የተጀመረውም በነዚህ እህቶች ነው። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከመንግሥት ጋር ሆኖ «አዲስ ተስፋ» በተባለ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ድረስ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ከ16,000 በላይ ሴቶች መርምሮ፣ ከ10 አንዷ ላይ የተቀየረ ቦታ አገኘ፤ ሕክምናው ከሚመለከታቸው አብዛኞቹም እዚያው ታከሙ። መድኃኒቷን ለመውሰድ በየጊዜው የምትመጣ ሴት ያንኑ ቀን ይህንንም ምርመራ ማድረግ ትችላለች። ዕድሜዋ 25 ከሞላ መጠበቅ የለባትም።

ምርመራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብዙዋን ሴት የሚያስቀራት የማታውቀውን መፍራት ነውና። መጋረጃ አለ፤ ከባለሙያው በቀር የሚገባ ሰው የለም። ሴትዮዋ ለወሊድ እንደምትተኛው ትተኛለች። ስፔኩለም የሚባለውን መሣሪያ በቀስታ አስገብቼ መብራት አበራለሁ። ከዚያ ጥጥ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ነክሬ የማህጸኑን በር እቀባለሁ። ሴቶቹ ሽታውን ወዲያው ይለዩታል፤ ሰላጣ ላይ የሚጨመረው አቼቶ ነው። አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ጤነኛው ቦታ እንደ ነበረ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፤ ሕዋሱ የተቀየረበት ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በቃ፤ ደም አይቀዳም፣ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን መምጣት የለም። «ማህጸኔን ቆርጣችሁ ትወስዱታላችሁ አሉ» ያለችኝ ሴት ከአልጋው ስትወርድ «ይኸው ነው?» ብላ ስቃለች።

የነጩን ቦታ ሕክምና እዚያው መስጠት ይቻላል። አንዱ መንገድ ክራዮቴራፒ ነው፤ በጋዝ ኃይል ቦታውን አቀዝቅዞ የተቀየረውን ሕዋስ መግደል። ሌላው በሙቀት የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ ግሎ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። ማህጸን በር ላይ የሕመም ስሜት ጥቂት ስለሆነ አብዛኛዋ ሴት የምትነግረኝ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር ነው። ለኛ አገር የቱ ይሻላል ብትሉኝ ያለ ማመንታት የሙቀቱን እመርጣለሁ። የክራዮው ጋዝ በትልቅ ሲሊንደር ከሩቅ ከተማ ተጭኖ መምጣት አለበት፤ ክረምት ዋልካው መኪና ሲይዝ ወይም መንገድ ሲዘጋ ጋዙ ያልቃል፤ ጋዙ ካለቀ ሕክምና የለም። የሙቀቱ መሣሪያ በእጅ ይያዛል፤ በባትሪ የሚሠራም አለ። ነጩን ቦታ አይቼባት «መሣሪያው ስላልመጣ ሌላ ጊዜ ነይ» የምላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ አትመለስም። የሰሊጥ ሥራ አልቆ ደጋ ትወጣለች፤ ወይም ሥራው ሌላ እርሻ ይወስዳታል። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህን አንድ ዕቃ ከመድኃኒት እኩል እንዲያዩት የምለምነው ለዚህ ነው። የበረሃ ሴት ሁለት ጊዜ አትመጣም።

ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወር ያህል ግንኙነት ማድረግ የለባትም። ውኃ የመሰለ ፈሳሽም ለሳምንታት ይኖራታል። በወረቀት ላይ ቀላል መመሪያ ነው። ባሏ ከእርሻ ካምፕ በዚያው ሳምንት ለሚመለስ ሴት ግን ቀላል አይደለም። ልጇን ለማስከተብ መጥታ እግረ መንገዷን የመረመርኳት የ34 ዓመት እናት ነጩን ቦታ ስነግራት ስለ ሕክምናው አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ለእሱ ማን ይነግረዋል?» ነው ያለችው። «የት ነው ያለው?» አልኳት። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ፈቃዷን ጠይቄ አስጠራሁት፤ የሆነውን ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጬ አስረዳሁ። ጥቂት ዝም ብሎ «ሲስተር፣ ካንሰር ከሚሆን አንድ ወር ምን አላት?» አለ። ሕክምናው ያኔውኑ ተሠራ። ባሎች ሁሉ እንዲህ ይመልሳሉ ማለት አልችልም፤ «ተማክሬ ልምጣ» ብላ የቀረችብኝም አለች። እንደማየው ግን ወንዱ የሚያስቸግረው ሲደበቅበት ነው። ተጠርቶ ሲነገረው አብዛኛው ይሰማል።

ቆላው ሰፊ ነው፤ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ውስጥ ከጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ እናቶች አሉ። ለነሱ ተስፋ የምጥልበት ሌላ መንገድ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመጀመሪያ እንዲመረጥ የሚመክረው የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገውን ምርመራ ነው። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ በቤቷ ወይም ጤና ኬላ ውስጥ በትንሽ ብሩሽ ወስዳ መስጠት ትችላለች። ለቲቢ ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ያለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ይህንንም መመርመር ይችላል። ቫይረሱ ያልተገኘባት ሴት ለዓመታት ተረጋግታ ትኖራለች፤ የተገኘባት ብቻ ለዓይን ምርመራና ለሕክምና ትጠራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ብሩሹን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ከአንድ ቀን መንገድ ሴትን ከማስመጣት ብሩሽ መላክ ይቀላል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ክትባቱ ከቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የተሠራ ባዶ ቅርፊት ነው። ውስጡ ዘረመል የለም፤ ስለዚህ ሊራባም በሽታ ሊያመጣም አይችልም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ መልኩን ይለያል፤ እውነተኛው ሲመጣ በሩ ላይ ይይዘዋል። አስቀድሞ የገባን ቫይረስ ግን አያወጣም። ለዚህ ነው ልጅቷ ግንኙነት ከመጀመሯ በፊት መከተብ ያለባት። ስዊድን ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ ካንሰሩ 88 በመቶ ቀንሶ አገኘው። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት ሴቶች ውስጥ ደግሞ በምርመራ መዝገቡ ላይ አንድም በዚህ ካንሰር የተያዘች አልተገኘችም። በአፍሪካ ሩዋንዳ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ በመላ አገሯ ትከትባለች።

ኢትዮጵያ ክትባቱን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም ነው። በዓለም ላይ ክትባቱ እጥረት ስለነበር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ያን ጊዜም እጄ ላይ ያለውን እየሰጠሁ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። በአማራ ክልል ገጠር 14 ዓመት ሲሞላት ትምህርቷን ያቆመች፣ የታጨች፣ ያገባችም ልጅ አለች። ትምህርት ቤት ሄደን የምንከትበው ትምህርት ቤት ያለችውን ነው፤ ለጫኝና ለአጫጅ ቡና የምታፈላው፣ ፍየል የምትጠብቀው፣ ሰው ቤት የተቀጠረችው ታልፋለች። ሁለተኛውም መርፌ በስድስት ወሩ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ የት እንዳለ አይታወቅም። ኅዳር 2017 ዓ.ም ላይ አገሪቱ ዕድሜውን ከ9 እስከ 14 አስፍታ፣ መርፌውንም አንድ ጊዜ ብቻ አድርጋ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመድረስ ዘመቻ ስትጀምር ከልቤ ደስ ያለኝ ስለዚህ ነው። አንድ መርፌ ይበቃል የተባለው ለቁጠባ ብቻ ታስቦ አይደለም። እዚሁ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ መርፌ ከ18 ወር በኋላ ከዓይነት 16 እና 18 በ97.5 በመቶ ሲከላከል ታይቷል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፍሪጁን በየጠዋቱና በየማታው የሚመዘግቡ፣ የበረዶ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አንግተው ጭቃ የሚያቋርጡ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶች አሉን። ሥራቸው በሪፖርት ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ ይጻፋል፤ እኔ ግን በዓይኔ ስላየሁት እዚህ ላነሳው ወደድኩ።

ቀዝቃዛውን ሳጥን ተሸክመው ቢደርሱም ወሬ ይቀድማቸዋል። «ያመክናል» ይላሉ። አያመክንም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መርፌዎች ተሰጥተዋል፤ የተከተቡት ሴቶች ወልደው እያሳደጉ ነው። ይልቅ መውለድን የሚያስቀረው ካንሰሩ ነው። «ለምን ለሴት ብቻ?» ብለው የሚጠይቁ አባቶች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወንድ ልጆችንም የሚከትቡ አገሮች አሉ፤ እኛ ያለንን ይዘን አስቀድመን የምንሰጠው ማህጸን ላላት ነው። አያቶቹን ሳሳምን ደግሞ የምናገረው አጭር ነው፤ «እማማ፣ በማህጸን ደም ሲፈሳት ያለፈች ሴት ያውቃሉ?» እላቸዋለሁ። ያላወቀች አያት እስካሁን አላገኘሁም። ወዲያው የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው ያመጧታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአገሮች ሦስት ግብ ሰጥቷል፤ እስከ 2030 ድረስ ከልጃገረዶች 90 በመቶው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው እንዲመረመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ። በክትባቱ አገራችን እየሮጠች ነው። ወደ ኋላ የቀረነው በመካከለኛው ነው። የዛሬ ልጃገረዶች የተከተቡ ቢሆኑ እንኳ እናቶቻቸው፣ አክስቶቻቸው፣ እንጀራ የሚጋግሩልን፣ ቡና የሚያፈሉልን ሴቶች ክትባቱ ሳይደርስላቸው አርጅተዋል። ለነሱ ያለው ምርመራው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ምንም ሳያምሽ ሂጂ። ኤች አይ ቪ በደምሽ ካለ ከ25 ጀምሮ ሂጂ። የወር አበባሽ ከደረቀ በኋላ፣ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጊዜ ምረጪ። በሩ ላይ «የማህጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ» ብትዪ ይገባቸዋል፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ባለሙያዋ ትነግርሻለች። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ ከወር አበባሽ ውጭ ከደማሽ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካልተወሽ፣ ወይም የወር አበባሽ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ከመጣ፣ ዕድሜሽ ስንትም ይሁን በዚያው ሳምንት ሂጂ፤ ክኒን ብቻ ሰጥተው ሊሸኙሽ ቢሉም «የማህጸኔን በር እዩልኝ» በዪ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። ልጅሽ ዘጠኝ ዓመት ከሞላት፣ ትምህርት ቤት ባትገባም፣ ጤና ኬላ ውሰጃትና አስከትቢያት፤ ክትባቱ በነጻ ነው። አንተም ባሏ፣ ቀኑ ሲደርስ ይዘሃት ና፤ ሕክምና ካስፈለጋት ያቺን አንድ ወር ታገስላት።